ከፌሮ ቁራጭና ከአሮጌ ጣውላ የልብስ መስቀያ፦ ብሎኬት ግድግዳ ይሸከመዋል?

ጥያቄ፦ የኮዬዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። መግቢያው በር አጠገብ የልብስ መስቀያ ልሠራ አስቤያለሁ። ከግንባታ የተረፈ ጣውላ አለኝ፤ 120 ሳንቲ ይሆናል፣ ሲሚንቶ ለብሷል፣ ሚስማርም በዝቶበታል። ባለ 8 እና ባለ 10 ሚሊ ፌሮ ቁርጥራጭም አለ፣ ግን ዝጓል። ከቆራሌው የገዛኋቸው ሁለት የውኃ ቱቦዎችም አሉ፤ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ገደማ ናቸው። አዲስ እንዲመስል አልፈልግም። የእንጨቱ ጠባሳና የብረቱ መልክ እንዲታይ ነው የምፈልገው። ክረምት ላይ ግን የራሰ ካፖርትና ጋቢ ይሰቀልበታል። ግድግዳው ብሎኬት ነው። ድሪል አለኝ፤ ብየዳ የለኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አናጺ፣ ከቡራዩ
እህቴ፣ ከጣውላው ጀምሪ። ሚስማሮቹን ከጀርባ በኩል መትተሽ ጭንቅላታቸው ብቅ ሲል በጉጠት ንቀዪ። ተሰብሮ ውስጥ የቀረውን በማግኔት ፈልጊው፤ የተበላሸ ስፒከር ማግኔት ይበቃል። ሲሚንቶውን በአሮጌ መሮ ፈቅፍቂና በሽቦ ብሩሽ አጽጂ። ውጭ ሥሪ፣ አፍና አፍንጫሽንም ሸፍኚ፤ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው። መላጊያ አታስነኪው። ሲሚንቶው ስለቱን ይበላዋል፤ የወደድሽው ጠባሳም አብሮ ይጠፋል። በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽ በ120 ጨርሺ።

አንድ ነገር ደግሞ እዪ። ጥቃቅን ቀዳዳ ካለውና ሲመታ ደቃቅ ዱቄት የሚያፈስ ከሆነ ነቀዝ ውስጡ አለ። እሱን ቤት አታስገቢ፤ ሌላ ጣውላ ፈልጊ።

መልስ፦ የሰበታው
የተቃጠለ የሞተር ዘይት ብትቀቢው ምስጥም ቶሎ አይጠጋውም። ቀለሙም ጠቆር ብሎ ያምራል።

መልስ፦ አናጺ፣ ከቡራዩ
ወንድሜ፣ ለአጥር ቋሚ እሺ። ለልብስ መስቀያ ግን በፍጹም። የሞተር ዘይት እንጨት ላይ አይደርቅም። ጀርባው ጣውላውን የነካ ካፖርት ሁሉ ይጠቁራል፣ ሽታውም ከቤት አይወጣም። የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሁለቴ ይቀባ። የመጀመሪያው ሲደርቅ በስሱ ይፈግፈግና ሁለተኛው ይደገም።

መልስ፦ ብየዳ ቤት፣ ከገላን
ለመስቀያው ባለ 8 ፌሮውን ተጠቀሚ። ሳይሞቅ ይታጠፋል፤ አንዱን ጫፍ አስሪና በሌላው ላይ ቱቦ አጥልቀሽ ጎትቺው። ባለ 10ሩ በእጅ ያስቸግርሻል። ቀጭን መንጠቆ ላይ የተሰቀለ ካፖርት ቅርጹ ስለሚበላሽ፣ ማጠፊያው ሰፋ ያለ ይሁን። ጫፉን በሞረድ አድቦልቡዪው፤ ስል ከሆነ ነጠላ ይቀድዳል።

ካጠፍሽ በኋላ ሰፈርሽ ያለ ብየዳ ቤት ውሰጂው። ከየመስቀያው ጀርባ ባለ 3 ሚሊ ላሜራ ቁራጭ ይበይድልሽ፣ ሁለት ሁለት ቀዳዳም ያውጣለት። ከዚያ በእንጨት ብሎን ጣውላው ላይ ታስሪዋለሽ። ባህር ዛፍ ከሆነ መጀመሪያ ቀጭን ቀዳዳ ብሺለት፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። በመስቀያዎቹ መካከል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ተዪ። ለክረምት ካፖርት 20 ይሻላል።

ቱቦዎቹን ግን ለብየዳ አትስጪ። የውኃ ቱቦ ዚንክ የተለበጠ ነው። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዘዋል። ወተት ጠጥቶ መግባት ከዚህ አያድንም፤ እኛ ሙያ ውስጥ ይህን እምነት ማስቆም አለብን።

እግረ መንገዴን፦ ብረት ቢጎድልሽ መርካቶ ምናለሽ ተራ የማይገኝ የለም። ከመብራት ኃይል ምሰሶ የተፈታ የሚመስል አንግል ብረት ካየሽ ግን አትግዢ። ስርቆቱን የሚያቆየው ገዢው ነው።

መልስ፦ እናት፣ ከለገጣፎ
ልጄ፣ ስለ ዝገቱ አደራ። የራሰ ጋቢ የዛገ ብረት ላይ ካደረ ቡናማ ነጠብጣብ ይይዛል። ሳሙና አያስለቅቀውም፤ በረኪና ደግሞ ያባብሰዋል። ሎሚና ፀሐይ ነው የሚሻለው።

ስለዚህ ፌሮውን አቼቶ ውስጥ አሳድሪና በሽቦ ብሩሽ ፈትጊው። ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጥሽበት ውኃ አለቅልቀሽ ወዲያው በእሳት አድርቂው፤ እርጥብ ከቆየ እዚያው መልሶ ይዝጋል። ከዚያ የብረቱ መልክ እንዲታይ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ቅቢው። ሲደርቅ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አስረሽበት አሳድሪና ጠዋት እዪው። ጨርቁ ካልነጣ ድገሚ።

የሰበታው፦ ብረቱን ከሰል ላይ አሙቆ ሰም ማሸትስ?

ብየዳ ቤት፣ ከገላን፦ ለደረቅ ልብስ ቆንጆ ነው፤ መልኩም ይበልጣል። ክረምቱን ሙሉ ለሚርስ ግን ሰም ይለቃል። ቫርኒሹ ይሁን።

የኮዬዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ሁላችሁም። ብየዳውን በላሜራ አስጨርሳለሁ። የቀረኝ ግድግዳው ነው። ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

መልስ፦ ግንበኛ፣ ከየካ አባዶ
ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) የሚይዘው የብሎኬቱን ስስ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ የራሰ ካፖርት ሲበዛበት ይሽከረከርና ይነቀላል። በሩ አጠገብ የኮንክሪት ኮለን (ምሰሶ) ካለ እሱ ላይ ብሺ፤ አስተማማኙ እሱ ነው። ከሌለ ደግሞ ቱቦዎችሽን አምጪያቸው፤ ለዚህ ነው የተገዙት።

ሁለቱን በ170 ሳንቲ ቁረጫቸውና ከጣውላው ጀርባ በቱቦ ክላምፕ እሰሪያቸው። እግራቸው ወለል ላይ ይቁም፣ ሥራቸው ላይም የላስቲክ ቆብ አጥልቂ። ያኔ ክብደቱን የሚሸከመው ወለሉ ነው። ግድግዳው የሚይዘው ወደ ፊት እንዳይወድቅ ብቻ ነው፤ ለዚያ ሁለት ፊሸር ከላይ ይበቃል። ስትበሺ የድሪሉን መምቻ አጥፊው፤ ብሎኬቱን ከውስጥ ይሰብረዋል። ከማብሪያ ማጥፊያው ቀጥታ ወደ ላይም ወደ ታችም አትብሺ፤ ሽቦው ብዙውን ጊዜ በዚያ መስመር ነው የሚያልፈው።

የኮዬዋ፦ ጋሼ፣ ለልጆቹ ዝቅ ያለ ሁለተኛ ጣውላ ብጨምርበትስ?

ግንበኛ፣ ከየካ አባዶ፦ እዚያው ቱቦ ላይ ከመሬት 110 ሳንቲ አድርጊው። እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው ጣውላ ቱቦዎቹን አስሮ ስለሚይዛቸው አይወላገዱም። የታችኛው መስቀያ ግን የልጅ ዓይን ከፍታ ላይ ስለሚሆን፣ ጫፉን ወደ ውስጥ መልሰሽ እጠፊው።