የጋራ ስብስባችን ሳንቲሞች በምን ይቀመጡ? የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማኅበሩን ሳንቲሞች ወደ አዲስ መያዣ ለማዛወር ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ የጋራ ሐሳብ ማቅረብ አለብን። መነሻ ረቂቁ ይኸው፦ «ሳንቲሞቹ በሙሉ በጠንካራ ክብ ካፕሱል፣ ማለትም አንድ ሳንቲም ብቻ በሚይዝ ግልጽ የፕላስቲክ መያዣ፣ ይቀመጡ።» አሻሽሉት። ካስፈለገም አፍርሱት።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ላፍርሰው። ካፕሱል ጥሩ ነው፣ አልካድኩም። ግን አብዛኛው ሳንቲማችን ሰው ሲገበያይበት የኖረ፣ ፊቱ ያለቀ ነው። ለእሱ ሁሉ ካፕሱል ከገዛን መያዣው ከሳንቲሙ ሊወደድ ነው። ቦታም ይፈጃል።

የማኅደር ኃላፊ፦ በዋጋ ከመከራከራችን በፊት አሁን ያሉበትን እንይ። በስጦታ የመጡት አልበሞች ኪሳቸው ለስላሳ ነው። ሲከፈቱ እንደ አዲስ የጠረጴዛ ላስቲክ ይሸታሉ። ይሄ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ምልክት ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ስለሆነ ማለስለሻ ኬሚካል ይጨመርበታል። ማለስለሻው ከጊዜ ብዛት ከፕላስቲኩ እየወጣ ሳንቲሙ ላይ ይለጠፋል። ፕላስቲኩ ራሱም እያረጀ ሲሄድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቃል። መዳብና ብር ላይ የምናየው አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ነገር ከዚህ የመጣ ነው። ቶሎ ካልተነሳ ብረቱን ይበላዋል። አንዴ የተበላ ደግሞ በምንም አይመለስም። ስለዚህ የረቂቁ የመጀመሪያ ነጥብ ምን እንግዛ ሳይሆን ምን እናውጣ መሆን አለበት።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ልጠይቅ። የእኔም አልበም ለስላሳ ነው፣ ግን ሽታ የለውም። ታዲያ በምን ልለየው?

የማኅደር ኃላፊ፦ ሽታ ስለሌለው ብቻ እንዳታምነው። ሳንቲም የማይጎዳው ማይላር የሚባለው ስስ ግልጽ ፕላስቲክ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፣ ጠንከርም ይላል። ፒቪሲ ግን እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። ሌላው የማይጎዳ ፕላስቲክ፣ ፖሊፕሮፒሊንም፣ ለስለስ ሊል ስለሚችል በእጅ ብቻ መለየት ያስቸግራል። የእሳት ሙከራም አለ። የመዳብ ሽቦ በእሳት ግሎ ፕላስቲኩን ይነካና ተመልሶ እሳት ውስጥ ይገባል። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ፕላስቲኩ ውስጥ ክሎሪን አለ ማለት ነው። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ግን ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ነባር አባል፦ እሱን እንኳ ከረቂቁ አውጡልኝ። ሳንቲም እንጠብቅ ብለን ሰው በጭስ ልንጨርስ ነው? «ምንነቱ ያልታወቀ ፕላስቲክ እንደ ፒቪሲ ይቆጠር» ብንል ይበቃል።

ሰብሳቢ፦ ጋሼ እንዳሉት ይሁን። አንደኛው ነጥብ እንዲህ ይነበብ፦ «ሳንቲም የሚነካ ማንኛውም ዕቃ ማይላር፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊስታይሪን ወይም አክሪሊክ መሆኑ የተረጋገጠ ይሁን። ያልተረጋገጠው ከስብስቡ ይውጣ።»

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ተስማምቶኛል። ለተራዎቹ ደግሞ ማይላር መስኮት ያለውን 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የካርቶን መያዣ አቀርባለሁ። ርካሽ ነው። አገሩና ዓመቱም እላዩ ላይ ይጻፍበታል፤ መዝጋቢዎቻችን ያመሰግኑናል።

ነባር አባል፦ ካርቶኑን አልቃወምም። እኔን የሚያስፈራኝ የስቴፕለሩ ሽቦ ነው። ጫፉ ጠፍጥፎ ካልተያዘ ጎረቤቱን መስኮት ይቀድና ሳንቲሙን ይጭረዋል። ከተመታ በኋላ በፒንሳ ይጫን፣ ወይም ሽቦውን ጠፍጣፋ አድርጎ የሚያጥፈው ስቴፕለር ይገዛ። ሳንቲም ሲወጣም ሽቦው በሙሉ አስቀድሞ ይነቀል። ግማሹን ነቅሎ ሳንቲሙን መጎተት የሚወድ ሰው ሁሌም አይጠፋም። ይሄ በጽሑፍ ይግባልኝ።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። ስለ ካፕሱሉ ደግሞ እኔ ልጨምር። ካፕሱል የሚታዘዘው በሚሊ ሜትር ነው። ሰፊ ከሆነ ሳንቲሙ ውስጡ እየተንኳኳ ጠርዙ ይጎዳል። ጠባብ ከሆነ ደግሞ በግድ ይገባል። የሳንቲሙን ስም ብቻ አይቶ ማዘዝም አይሠራም። የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ውሰዱ። ዓመቱ 1780 እንደሆነ እየተባለ ለረጅም ዘመን፣ በተለያዩ ቦታዎች ተመትቷል። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ይለካ። ውስጡ የስፖንጅ ቀለበት ያለበት ካፕሱልም ይቅርብን። ስፖንጁ ከምን እንደተሠራ ካልታወቀ አንደኛውን ነጥብ ራሳችን ጣስን ማለት ነው።

አዲስ አባል፦ ከማስገባታችን በፊት ብንወለውላቸውስ?

የማኅደር ኃላፊ፦ በፍጹም! የተወለወለ ሳንቲም የላይኛው ቆዳው ይሄዳል፣ ሳንቲም ሰብሳቢ የሆነ ሰውም ወዲያው ያውቀዋል። አረንጓዴ የያዛቸው ብቻ አሴቶን በሚባለው ንጹሕ ማሟሟያ ፈሳሽ ይነከሩ። በመስታወት ዕቃ፣ አየር ባለበት ቦታ፣ ከእሳት ርቀው። መፈተግ የለም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም አይሆንም፣ ሌላ ነገር ይቀላቀልበታል።

ሰብሳቢ፦ መልካም። ካፕሱል ለየትኞቹ ይሁን?

ገንዘብ ያዥ፦ ብርና ወርቅ ለሆኑት፣ እንዲሁም ከማምረቻው እንደወጡ ለቆዩት። ሌላው ካርቶን ይበቃዋል።

ጸሐፊ፦ ስለ ሳጥኑም አንድ መስመር ላክል። እርጥበቱ ከ50 በመቶ በታች እንዲሆን እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ይግባበት፣ እሱም በየጊዜው ይታደስ። የጎማ ላስቲክ ግን ሳጥኑ ውስጥ አይግባ። ድኝ ስላለበት ብርን ያጠቁራል።

ነባር አባል፦ አሁን ረቂቁ ረቂቅ መሰለ። በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉም መያዣ ይታይ የሚል ጨምሩበትና እፈርማለሁ።

ሰብሳቢ፦ ተጨምሯል። ልኬቱን ማን ይውሰድ?

ጸሐፊ፦ እኔና አዲሱ አባላችን። ስፋት የምንለካበት ካሊፐር ግን የፕላስቲክ ይሁን፣ የብረቱ መንጋጋ ይጭራል። ዝርዝሩን ስንጨርስ ለገንዘብ ያዥ እናስረክባለን፣ ዋጋ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።