1 ኢንች ተኩል ቱቦ ውስጥ 1 ከሩብ ይገባል?

ሰላም ወገን፣ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ለገበያ ዳስ ከፍ ዝቅ የሚል የብረት እግር ልሰራ ፈልጌ ነበር፣ በውሃ ቱቦ ይሆናል?

መልስ፦ አይገባም ወንድሜ፣ በኢንቹ አትሂድ። የ1 ከሩቡ የውጪ ስፋት 42.4 ሚሜ ነው፣ የ1 ተኩሉ ደግሞ 48.3 ሆኖ ውፍረቱ 3.2 ከሆነ ውስጡ 41.9 ነው የሚቀረው። ባለ 1 ኢንቹን (33.7) በ1 ከሩቡ ውስጥ ክተተው፣ ትንሽ ቢወዛወዝም ብሎን ይይዘዋል።

ሌላ መልስ፦ እኔ ብሆን ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ነው የምለው፣ አይዞርማ! 30 በ30 ሚሜው ውፍረቱ 1.5 ከሆነ ውስጡ 27 ስለሆነ 25 በ25 ይገባል፣ ግን ውስጥ ያለችውን የብየዳ መስመር በጣትህ ዳብሳት፣ እሷ ናት የምታስቸግረው፣ ሱቁ ላይ ቁራጭ አስገብተህ ሳትሞክር እንዳትከፍል።

ጠያቂው፦ ተባረኩ፣ የኛ ነፋስ ግን 25ቱን አያጎብጠውም?

መልስ፦ ብዙ አታስረዝመው፣ ከ25ቱ 30 ሳንቲሜትር ያህል በትልቁ ውስጥ ይቅር፣ ዳሱንም በገመድ ወጥረው።