የ4 ዓመት ልጄ አፍ ይሸታል፣ ጥርሱም እየተበላ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (እናት፣ ከአዘዞ)

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድ ልጄ 4 ዓመቱ ነው። ጠዋት ሲነሳ አፉ በጣም ይሸታል፣ ቀንም አይለቀውም። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ ከድዱ ሥር ጀምረው ቡናማ ሆነዋል፣ ከታች ደግሞ አንዱ መንጋጋው ተቦርቡሯል። እስከ 3 ዓመቱ ስኳር የገባበት ወተት በጡጦ እየጠባ ነበር የሚተኛው። ጎረቤቶቼ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል፣ ተይው» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ እንጥሉን አስቆርጪው ትላለች። ግራ ገባኝ።

መልስ (የሁለት ልጆች እናት፣ ፒያሳ)

አይዞሽ እህቴ። ግን «ይወልቃል» የሚሉሽን አትስሚ። እኔ ሰምቼ ነው ልጄ የተጎዳችብኝ። 5 ዓመቷ ላይ መንጋጋዋ ተበልቶ ዝም አልኩ፣ አንድ ሌሊት ጉንጯ አብጦ፣ ትኩሳት ይዟት፣ ስታለቅስ ሳናሸልብ አነጋን፣ በመጨረሻም ጥርሱ ተነቀለ። ቶሎ ብወስዳት ኖሮ ይሞላላት ነበር።

መልስ (የጥርስ ባለሙያ)

እውነቷን ነው። የፊት የወተት ጥርሶች ከ6 ዓመት ጀምሮ ይወልቃሉ፣ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። ልጅሽ ገና ብዙ ዓመት ያኝክባቸዋል። መንጋጋው ያለጊዜው ከተነቀለ የጎኖቹ ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፣ ቋሚው ጥርስ ቦታ አጥቶ ጠማማ ሊበቅል ይችላል።

ጥርሱን የበላው ትል አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው። ዋናው ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ ይባላል። ስኳር ሲያገኝ አሲድ ይሠራል፣ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን እያሟሟ ይሄዳል። ምራቅ ይህን ያጥባል፣ የተጎዳውንም ይጠግናል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ አንዴ ጣፋጭ የበላ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ከረሜላ ከሚመጥ ወይም ለስላሳ ቀስ እያለ ከሚጠጣ ልጅ ይሻላል። ሌሊት ምራቅ ይቀንሳል፣ ጡጦው የፊት ጥርሶቹን የጎዳው ለዚህ ነው። ባክቴሪያው በብዛት ከእናት ምራቅ ስለሚተላለፍ፣ በአንድ ማንኪያ ቀምሰሽ አታጉርሺው፣ የራስሽንም ጥርስ ታከሚ።

ሽታውም ከዚያው ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው ውስጥ ምግብ ይቀራል፣ ምላሱም ላይ ባክቴሪያ ይከማቻል። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የአተር ፍሬ ያህል አድርገሽ ጠዋትና ከመኝታ በፊት አንቺ ራስሽ ቦርሺው፣ 7 ዓመት እስኪሞላው እሱ ብቻውን መቦረሹ አይበቃም። ምላሱንም ቀስ ብለሽ ጥረጊለት። ከ3 ዓመት በታች ላሉት የሩዝ ፍሬ ያህል ይበቃል። ሌሊት ከውሃ ሌላ ምንም አይጠጣ።

መልስ (አያት፣ ማራኪ)

ልጄ፣ እናትሽ ክፉ አስባ አይደለም፣ እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ግን አይሆንም። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ለአፍ ጠረንም መድኃኒት አይደለም። ግግ እያሉ የሕፃን ድድ ሰንጥቀው ጥርስ የሚያወጡም አሉ፣ ያም ያው ነው። የወይራ መፋቂያ እኔ እስከ ዛሬ አልተውኩም፣ ለእሱ ግን ድዱን ይወጋዋልና ለስላሳ ቡርሽ ግዢለት።

መልስ (አባት፣ አራዳ)

አንድ ነገር ልጨምር። የኔ ልጅ ጥርሱ ደህና ሆኖ አፉ አካባቢ ይገማ ነበር፣ ስንት ጊዜ አፉን አጠብነው። ለካ አፍንጫው ውስጥ ሽምብራ ከትቶ ነው! ምልክቱ በአንድ በኩል ብቻ የሚወጣ የሚሸት ንፍጥ ነበር። እንደዚያ ካየሽ ራስሽ ለማውጣት አትሞክሪ፣ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሐኪም ያውጣው። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ወይም የሚያንኮራፋ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አፍንጫው ደህና ነው፣ ግን አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው፣ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጥርስ ክፍል ልወስደው ነው። ይፈራል ግን፣ ምን ልበለው?

መልስ (የጥርስ ባለሙያ)

«አያምህም» አትበዪው፣ ካመመው ሁለተኛ አያምንሽም። «ሐኪሙ ጥርስህን ይቆጥርልሃል» በዪው። ቁርሱን አብይው፣ ቦርሺው፣ የሚወደውን መጫወቻም ያዢለት። ከሰኞ በፊት ፊቱ ካበጠ ወይም ትኩሳት ከያዘው ግን አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ውሰጂው።