የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ፦ የቱን ቅጂ ልያዝ፣ በምንስ ላዳምጠው?

ጥያቄ

የምወዳቸውን የፊልም ዜማዎች አሰባስቤ ቤት ውስጥ በጥሩ ድምፅ ማዳመጥ እፈልጋለሁ። «ብሮክን ፍላወርስ»፣ «ብሌድ ራነር»፣ «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ» እና «ዘ ጎድፋዘር» ቀዳሚዎቹ ናቸው። ስማቸውን ጽፌ ስፈልግ ግን አንዱ ዜማ በብዙ ቅጂ ይመጣል፤ አንዳንዱም ፊልሙ ላይ ካለው ጋር ጨርሶ አይገናኝም። የትኛውን ትጠቁሙኛላችሁ? ሸክላ ይሻላል፣ ሲዲ ወይስ ከኢንተርኔት?

መልስ

የማይገናኝበት ምክንያት አለው ወንድሜ። ፊልሙ ላይ ያለው ቅጂ፣ ለአልበም ተብሎ የተዘጋጀው፣ ሌሎች ኦርኬስትራዎች ቆይተው የተጫወቱት፣ ሁሉም በፊልሙ ስም ይሸጣሉ። ከመግዛትህ በፊት ሦስት ነገር አንብብ፦ የሙዚቃው ደራሲ ማን ነው? የተጫወተው ማን ነው? የተቀዳው መቼ ነው? ደራሲው ልክ ሆኖ ተጫዋቹ ሌላ ከሆነ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር እለፈው። «ምርጥ 100 የፊልም ዜማዎች» ዓይነት ስብስቦች ላይ በተለይ የኋላውን ጽሑፍ ሳታነብ አትክፈል፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና የተቀዱ ናቸው።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው «ብሌድ ራነር» ላይ ነው (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ፊልሙ በ1982 ወጣ፤ የሙዚቃው ደራሲ ቫንጌሊስ ራሱ የተጫወተው ግን አልበም ሆኖ የወጣው በ1994 ነው። በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ሸክላ ኒው አሜሪካን ኦርኬስትራ የተጫወተው ነው። መጥፎ ኦርኬስትራ አይደለም፤ ነገር ግን የዚያ ፊልም ነፍስ ያለው ያማሃ ሲኤስ-80 የተባለው ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) ውስጥ ነው። በዚህ መሣሪያ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ጣት በተጫነው መጠን ለብቻው ድምፁን ይለውጣል፤ ያ የሚያብጠውና የሚርገበገበው ዜማ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ የ1994ቱን ያዝ። እሱ ላይ በዘፈኖቹ መሃል የፊልሙ ንግግር ይገባል። ከዚያ የበለጠ ሙዚቃ ከፈለግህ በ2007 የወጣ የሦስት ሲዲ እትም አለ፤ አንደኛው ያው የ1994ቱ ነው፣ ሁለተኛው ቀድሞ ያልወጣ የፊልሙ ሙዚቃ ነው፣ ሦስተኛው ግን ቫንጌሊስ አዲስ የሠራው ስለሆነ ፊልሙ ላይ አታገኘውም።

የ«ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ» ደራሲ የሞሪኮኔም ላይ እንዲሁ ነው። በ1968 በሬዲዮ የገነነው የዚህ ፊልም ዜማ የሁጎ ሞንቴኔግሮ ቅጂ ነው፤ ብዙ ሰው ዋናው እሱ ይመስለዋል። ዋናውን በጆሮህ የምትለየው በዚህ ነው፦ ያቺ እንደ ቀበሮ ጩኸት የምትወጣና የምትወርድ ድምፅ ለሦስቱ ሰዎች በሦስት ዓይነት ትመጣለች፤ ለደጉ በዋሽንት፣ ለክፉው ኦካሪና በተባለ ትንሽ የሚነፋ መሣሪያ፣ ለአስቀያሚው በሰው ድምፅ። አልበሙን ስትገዛ በ2004 የወጣውን የተስፋፋውን እትም ምረጥ፤ የመጀመሪያው ሸክላ ላይ የሌሉ ሙዚቃዎች ተጨምረውበታል።

ለ«ጎድፋዘር» ብዙ አትጨነቅ። የ1972ቱን የኒኖ ሮታ አልበም ውሰድ፣ በቂ ነው።

ሌላ መልስ

ስለ «ብሮክን ፍላወርስ» እኔ ልጨምር። የጂም ጃርሙሽ ፊልም ነው፣ 2005። የዋናው ገጸ ባሕሪ ጎረቤት ዊንስተን ኢትዮጵያዊ ነው፤ ለመንገዱ ሲዲ አዘጋጅቶ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በኋላ መኪናው በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ሙላቱ አስታጥቄን ነው። የፊልሙ የማጀቢያ አልበም ላይ ያሉት የሙላቱ ሥራዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ «የከርሞ ሰው»፣ «የገሌ ትዝታ» እና «ጉብልዬ»። የቀረው የሌሎች አርቲስቶች ነው፤ ማርቪን ጌይም አለበት፣ የፎሬ ሬኩዊየም (ለሙታን ጸሎት የተደረሰ ሙዚቃ) አለበት።

ስለዚህ የምትወደው የሙላቱን ድምፅ ከሆነ የፊልሙን አልበም አትግዛ። ቡዳ ሙዚክ የተባለው አሳታሚ ካወጣው «ኢትዮፒክስ» ከተባለው የአልበም ተከታታይ በ1998 የወጣውን ቁጥር 4 ግዛ። ሦስቱም እዚያው ላይ አሉ፣ ሌላ 11 ሥራ ተጨምሮ፤ በድምሩ 14። ቅጂዎቹ ከ1969 እስከ 1974 የተሠሩት ናቸው። ሙላቱ «የከርሞ ሰው»ን ከዚያ በኋላ በተለያየ ጊዜ ከተለያዩ ባንዶች ጋር ተጫውቶታል፤ ግሩም ናቸው፣ ግን የፊልሙን ስሜት አይሰጡህም። ትክክለኛው ከ4 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል፤ 7 ወይም 8 ደቂቃ የሚል ካየህ የመድረክ ወይም የኋላ ቅጂ ነው።

ፍለጋው ላይ የሚያስቸግረው የላቲን አጻጻፉ ነው። ያ ተከታታይ በፈረንሳይኛ ሥርዓት ስለተጻፈ ግዕዙን ድምፅ «ኧ»ን ጭረት ባለበት ፊደል ነው የሚጽፈው። ጭረቱን ትተህ ጻፍ፣ ካልመጣልህ «ሙላቱ»ን እና የአልበሙን ቁጥር ብቻ አስገባ። በግዕዝ ፊደል ስትፈልግ ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣልህ ሰዎች የጫኑት ቪዲዮ ነው፤ ድምፁ የታመቀ ስለሆነ የቪብራፎኑ (ሙላቱ በመዶሻ የሚመታው የብረት መሣሪያ) ጭራ ይቆረጣል።

ይህን ከወደድህ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም ጨምር። በ2021 የወጣው «ፓሲንግ» የተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የምትመላለሰው የፒያኖ ዜማ የእሳቸው ናት፤ «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 21 ላይ መጀመሪያ ያለችው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) ሙዚቃ የቪጄይ አየር እና የጆርጋ መስፍን ነው፤ እሱን ከፊልሙ ሳትነጥል እይ፣ ሙዚቃው ከምስሉ ጋር ነው የሚናገረው።

ስለ ማጫወቻው

ቅጂው ከተለየ በኋላ ወደ መሣሪያው። በስልክ ከኢንተርኔት ማዳመጥ ርካሹ ነው፣ ግን ሒሳቡን እወቀው፦ በ320 ኪሎቢት ጥራት አንድ ሰዓት ሙዚቃ 144 ሜጋባይት ይበላል፣ በ160 ደግሞ 72። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርደህ ያዝ። ሁለት ነገር ሴቲንግ ውስጥ አስተካክል። አንደኛ፣ አንዱን ዘፈን ከሌላው የሚያደባልቀውን አጥፋ፤ የፊልም ሙዚቃ ራሱ እየተያያዘ ስለሚሄድ መጋጠሚያውን ያበላሸዋል። ሁለተኛ፣ የድምፅ ማመጣጠኛውን (የዘፈኖቹን ጩኸት እኩል የሚያደርገውን) አጥፋው ወይም በአልበም ደረጃ አድርገው፤ በዘፈን ደረጃ ከሆነ ሹክሹክታውና ጩኸቱ እኩል ይሆናል።

የስልኩ ስፒከር ግን አይሆንም። የ«ጆውስ» ፊልም ሻርክ በሁለት ድምፅ ነው የሚመጣው፣ «ሚ» እና «ፋ»። የኮንትራባሱ (የቫዮሊን ቤተሰብ ትልቁ መሣሪያ) ዝቅተኛ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ስልክ ያንን ጨርሶ አያወጣውም። የእማሆይንም የግራ እጅ ይበላዋል። ጆሮን የሚሸፍን ባለ ገመድ ማዳመጫ ከትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር ይሻልሃል።

ሲዲ ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ የእኔ ምርጫ ነው፦ ጸጥ ያለው ክፍል ላይ ጭረት የለም፣ አብሮት በሚመጣው ትንሽ መጽሐፍ ላይ ተጫዋቾቹ በስም ተጽፈዋል። ሸክላ ያምራል፤ ሆኖም ቫዮሊን ብቻውን ሲቀር መርፌው የሚያወጣው ንጭንጭታ ይሰማል። አሮጌ ሸክላ ስትገዛ ብርሃን ላይ አዘንብለህ እየው፣ በጥፍር የሚያዝ ጭረት ካለው ተወው። ጠርዙን በዓይንህ ትክክል ይዘህ አዙረው፤ ከተጣመመ መርፌው ይዘላል። ቤት ስታስቀምጠው አቁመህ እንጂ ደራርበህ አይሁን፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትም አርቀው። መሃሏ ሰፊ ቀዳዳ ያላት ትንሿ የ45 ዙር ሸክላ የፕላስቲክ መሙያ ትፈልጋለች፤ ሳትይዝ አትግዛ።

ክራር ለያዘ

የጎድፋዘርን የፍቅር ዜማ በክራር መሞከር የፈለገ አለ? በተለመደው የአምስት ድምፅ ቅኝት አይወጣም። የመጀመሪያው ሐረግ ስድስት ድምፅ ነው የሚጠቀመው፦ ሶል፣ ላ ቤሞል፣ ሲ ቤሞል፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል (ቤሞል በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። ባለ ስድስት ክር ክራርህን ከወፍራሙ ጀምረህ በዚሁ ቅደም ተከተል ቃኘውና ሶል - ዶ - ሚ ቤሞል - ሬ - ዶ - ሚ ቤሞል - ዶ - ሬ - ዶ - ላ ቤሞል - ሲ ቤሞል - ሶል ብለህ ምታው፤ ይወጣል። ስድስተኛውን ክር የአንደኛው እጥፍ አድርገህ የቃኘህ ከሆነ ወደ ሚ ቤሞል ዝቅ ማድረጉን አትርሳ። ሁለተኛው ሐረግ ግን ከሶል በታች ወደ ፋ ዲዬዝ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ፋ) እና ፋ ስለሚወርድ ክሩ ያልቅብሃል፤ እዚያ ላይ በማሲንቆ ቀጥል፣ በአንድ ክር ላይ ጣትን ማንሸራተት ነው።