ራሜሽዋራም፦ ሲታ ሊንጋሙን የሠራችው መቼ ነው?

ንባብ ወዳድ
በደቡብ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ግዛት፣ ፓምባን ደሴት ላይ፣ በራሜሽዋራም ከተማ ስላለው የራማናታስዋሚ ቤተ መቅደስ የሚነገሩት ሁለት ትረካዎች አልገጥም አሉኝ። አንዱ የራማያና ጀግና ራማ ባሕሩን ወደ ላንካ ደሴት ሳይሻገር በፊት የሺቫን ሊንጋም (አምላኩ የሚመለክበትን ዓምድ መሰል ምልክት) እዚያ ተከለ ይላል። ሌላው ሊንጋሙን ከአሸዋ ያበጀችው የራማ ሚስት ሲታ ናት ይላል። ሲታ ግን ያን ጊዜ ላንካ ውስጥ የደሴቱ ንጉሥ የራቫና ምርኮኛ ነበረች። ቤተ መቅደሱ የሚቀበለው የቱን ነው? ሁለት ሊንጋም ያለውስ ለምንድን ነው?

የፑራና አንባቢ
ሲታ ካለችበት ነገሩ የግድ ራማ ራቫናን ገድሎ እሷን ካስለቀቀበት ጦርነት በኋላ ነው። «ከመሻገሩ በፊት» የሚለውን ገጣሚው ቱልሲዳስ እ.ኤ.አ. በ1574 መጻፍ በጀመረው፣ ራምቻሪትማናስ በተባለው የራማ ታሪክ ውስጥ ያገኙታል፤ እዚያ የሲታ እጅ የለበትም። በቤተ መቅደሱ የሚተረከው ሌላኛው ነው።

ራቫና የራክሻሳዎች (የአጋንንት መሰል ፍጡራን) ንጉሥ ይሁን እንጂ አባቱ ቪሽራቫ ብራህሚን፣ ማለትም ከካህናቱ ወገን፣ ነው። ስለዚህ ራቫናን የገደለ ብራህሚን በመግደል ኃጢአት ይያዛል፤ ለሂንዱዎች ከዚህ የከፋ በደል ጥቂት ነው። ራማ ከዚህ ለመንጻት ሺቫን ሊያመልክ ፈለገና ሊንጋም እንዲያመጣ ዝንጀሮ መልክ ያለውን ታማኝ አገልጋዩን ሃኑማንን የሺቫ መኖሪያ ወደሆነው ወደ ካይላሽ ተራራ ላከው። ሃኑማን ቆየ፣ ለተከላው የተመረጠው ሰዓትም ሊያልፍ ሆነ። ያኔ ሲታ የባሕር ዳር አሸዋ ሰብስባ ሊንጋም አበጀች፣ ራማም ተከለው። ሃኑማን ሲደርስ ተቆጥቶ የአሸዋውን በጅራቱ ጠምጥሞ ሊነቅል ታገለ፤ ንቅንቅ አላለም። ራማ ግን ድካሙን ከንቱ አላደረገበትም። ከካይላሽ የመጣውንም አስተክሎ፣ አምልኮ ሁልጊዜ ከእሱ እንዲጀምር አዘዘ። የሲታው ራማሊንጋም፣ የሃኑማኑ ቪሽዋሊንጋም ይባላል።

የራማ ታሪክ ጥንታዊ ምንጭ በሆነው በቫልሚኪ ራማያና ይህን ታሪክ አይፈልጉ። ራማ በሚበር ሠረገላ ሲመለስ ከሰማይ ቁልቁል እያሳየ «ማሃዴቫ (ሺቫ) እዚህ ሞገስ ሰጠኝ» ከማለቱ በቀር ስለ አሸዋም ስለ ሃኑማን ጉዞም የሚያወራ የለም።

የሥርዓት አዋቂ
ትረካው ዛሬም የሥርዓቱን ቅደም ተከተል ይወስናል። መጀመሪያ ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ ባለው ባሕር፣ በአግኒ ቲርታም፣ ይጠመቃሉ። ከዚያ በግቢው ውስጥ ያሉት 22 የተቀደሱ ውኃዎች ይከተላሉ። አብዛኞቹ ጉድጓዶች ስለሆኑ ቀጂው በባልዲ እየሳበ ራስ ላይ ያፈስሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ልብሱ እንደረጠበ ወደ ውስጠኛው መቅደስ ይሄድና ይመለሳል። ደረቅ ቅያሪ መያዝ ግድ ነው። ልብስ ከተቀየረ በኋላ መጀመሪያ ቪሽዋሊንጋም፣ ቀጥሎ ራማሊንጋም ይመለካል። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ውስጠኛው መቅደስ አይገባም፤ ወደ 1,200 የሚጠጉ ምሰሶዎች የተደረደሩበትን የውጭ መተላለፊያ ግን ማየት ይችላል። ማለዳ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ደግሞ ከብርሌ ድንጋይ የተሠራ ሦስተኛ ሊንጋም ይታያል። እሱ የዚህ ትረካ አካል አይደለም፤ ከሁለቱ ጋር አያምታቱት።

ንባብ ወዳድ
አሁን ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። በሰሜን ሕንድ ያለችው ካሺ (ቫራናሲ) እና ራሜሽዋራም አብረው የሚነሡትስ ለምንድን ነው?

የሥርዓት አዋቂ
ጉዞው ደርሶ መልስ ስለሆነ ነው። ምእመኑ ከራሜሽዋራም አሸዋ ይዞ ወደ ሰሜን ይወጣና ፕራያግ ላይ፣ ጋንጀስና ያሙና በሚገናኙበት፣ ይጨምረዋል። ካሺን ተሳልሞ ከጋንጀስ ውኃ ይቀዳና ተመልሶ ለራማሊንጋም ያቀርባል፤ ሊንጋሙ ላይ የሚያፈስሱት ካህናቱ ናቸው። ካሺ ደርሶ የቀረ ሰው ጉዞው ገና ግማሽ ነው።