መጽሐፉ ይቅደም፣ ሕይወቱ ይከተል፦ ለአምስት ወር የንባብ መርሐ ግብር የጋራ ሐሳብ ማዘጋጃ ውይይት

ከማኅበሩ ጸሐፊ፣ ጥቅምት 12

የተከበራችሁ አባላት፣ ከጥር እስከ ግንቦት ለምናካሂደው የንባብ መርሐ ግብር አዳራሽ የምንጠይቅበት ሰነድ እስከ ኅዳር መጨረሻ ለቤተ መጻሕፍቱ አስተዳደር መግባት አለበት። ስለዚህ ባለፈው ስብሰባ በቃል የተነጋገርንበትን ጉዳይ በጽሑፍ እንድታርሙትና እንድታዳብሩት ረቂቁን አቀርባለሁ። ሐሳቡ አጭር ነው፤ የጣሊያን ወረራ ሕይወታቸውን የለወጠባቸውን አምስት ደራስያን መርጠን በየወሩ የአንዳቸውን መጽሐፍ እናነባለን፤ የጸሐፊውንም ሕይወት አብረን እናጠናለን።

ምርጫው ዝናን የተከተለ አይደለም። አንድ ዘመን ወደ አምስት አቅጣጫ የበተናቸውን ሰዎች ጎን ለጎን ለማየት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱና በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ተመስገን ገብሬ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፍጅት ተርፈው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ አዚናራ በምትባለው የጣሊያን ደሴት ታሰሩ። ሀዲስ ዓለማየሁ ከራስ እምሩ ጋር ከተማረኩ በኋላ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች የእስር ዓመታት አሳለፉ። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ግን ከወራሪው ጋር ወግነው አፈ ቄሳር ተባሉ። በረቂቁ ላይ ቅደም ተከተሉ በመጽሐፎቹ የኅትመት ዘመን ስለሆነ የጥር ወር የነጋድራስ አፈወርቅ ነው።

ከአንድ አባል፣ ጥቅምት 13

እኅታችን ስለ ድካምሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተቃውሞዬን በግልጽ ማስፈር ይኖርብኛል። አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ በቤታችን የባንዳ ስም በምግብ ሰዓት አይነሣም ነበር። ነጋድራስ አፈወርቅ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ መጻፋቸውን አልክድም፤ ነገር ግን በደሴት ከታሰሩት ከወይዘሮ ስንዱና ከሀዲስ ዓለማየሁ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ፣ ያውም በመጀመሪያው ረድፍ፣ ስማቸው ሲወጣ ማየት ይከብደኛል። የወረራው ዘመን ደራስያን ከተባለ ስደት ላይ ሆነው በብዕር የታገሉት ዮፍታሔ ንጉሤ በቦታቸው ቢገቡ ምን ይጎድላል?

ጡረታ ከወጡ የአማርኛ መምህር፣ ጥቅምት 14

የወንድማችን ቁጣ ይገባኛል፤ እኔም ያደግሁት እንዲህ ባለ ቤት ነው። ሆኖም የነጋድራስ አፈወርቅን ልብ ወለድ፣ ጦቢያን፣ ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎች ሳስተምር ያየሁትን ላካፍላችሁ። የደራሲውን ታሪክ አስቀድሜ የነገርኳቸው ክፍሎች መጽሐፉን እንደ ክስ መዝገብ ነበር የሚያነቡት፤ በየገጹ የክህደት ምልክት ሲያድኑ ዋሕድ ሲንከራተት የደረሰበትን መከራ፣ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ያየችውን ሁሉ ሳያዩት ያልፉ ነበር። ምንም ሳልነግራቸው ያነበቡት ደግሞ መንትዮቹን ወደዷቸው፤ ከዚያ በኋላ ደራሲው ማን እንደ ነበሩ ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ የቱ ማብራሪያ ሊያመጣው እንደሚችል አላውቅም። ስለ ምርኮና ስለ ቤዛ እንዲህ የጻፈ ሰው ከ30 ዓመት ያህል በኋላ በወራሪው ወገን መቆሙን አንባቢው ራሱ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አድርጎ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስለዚህ ነጋድራስ አፈወርቅ ይውጡ አልልም። የማቀርበው ለሁሉም ደራስያን የሚሠራ አንድ ደንብ ነው፤ መጽሐፉ ተነብቦ ውይይቱ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ደራሲው ሕይወት አንድም ቃል አይነገር። ረቂቁ ላይ ያለው «አብረን እናጠናለን» የሚለው ቃል ይታረምልኝ። «አብሮ» ከተባለ ሕይወቱ ሁልጊዜ መጽሐፉን ይቀድመዋል፤ ሰው ከድርሰት ይልቅ ወሬ ይጥመዋልና።

ከሰብሳቢው፣ ጥቅምት 14

መምህር፣ ደንቡን እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምርበት። ጦቢያን በጥር እናንብብ፤ የነጋድራስ አፈወርቅን ሕይወት ግን በግንቦት እናቅርበው። በመካከሉ የአራቱን መጽሐፍና ሕይወት ጨርሰን ስለምንደርስ፣ የባዝን ስደት፣ የየካቲትን ፍጅትና የደሴቶቹን እስር የሰማ አንባቢ ነው በመጨረሻ ስለ አፈ ቄሳር የሚሰማው። ጦቢያ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሰውዬው ደግሞ የመጨረሻው ረድፍ ላይ። አርበኛው አያትህ ቢኖሩ ይህን አቀማመጥ የሚነቅፉት አይመስለኝም።

ከመጀመሪያው ተቃዋሚ አባል፣ ጥቅምት 15

እንዲህ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ። የዮፍታሔ ንጉሤን ጉዳይ ግን ለሚቀጥለው ዓመት በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።

ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ፣ ጥቅምት 19

ዘግይቼ በመግባቴ ይቅርታ። የቅደም ተከተሉ ነገር መፍትሔ ካገኘ፣ እኔ የምጨነቀው መጽሐፎቹ በእጃችን እንዴት እንደሚገቡ ነው። በሰነዱ ውስጥ «አባላት መጽሐፉን አግኝተው ያነባሉ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍለጋውን የሚያውቅ ግን እንዲህ አይጽፍም።

ጦቢያን እንመልከት። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ጦቢያ የሚለው ስም የጸናው በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ርእስም የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያውን ኅትመት በጦቢያ ስም የሚፈልግ ሰው በአንዳንድ ማውጫዎች ላይ «የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ቀጥሎ ሆሄያቱ አሉ። ኅሩይ የሚለው ስም በሦስቱም ሀ ተጽፎ ይገኛል፤ ሀዲስ ሲሆን ደግሞ ሐዲስም አዲስም ይባላል። በኮምፒውተር የሚፈልግ አባል አንዱን ሆሄ ብቻ ጽፎ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ወደ ውጭ አገር ማውጫዎች ስንሻገር የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ስለሚቀድም ሀዲስን «ዓለማየሁ» በሚለው ሥር መፈለግ ግድ ይሆናል። ዘመኑም ይዛባል፤ ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ዓመቱ ሁለት የፈረንጅ ዓመታትን ስለሚነካ በአንዱ መዝገብ 1965፣ በሌላው 1966 ተብሎ ይገኛል። ሁለት የተለያዩ ኅትመቶች የመሰሉት ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል።

ስለዚህ ከሰነዱ ጋር አንዲት የፍለጋ ገጽ እንድናያይዝ እጠይቃለሁ፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የሚታወቁት ርእሶች፣ የስሙ አጻጻፎችና የኅትመቱ ዘመን በሁለቱም አቆጣጠር ይዘረዘሩ። ለወይዘሮ ስንዱ «የልቤ መጽሐፍ» ይህ የግድ ነው፤ በ1942 ዓ.ም. የወጣ ስለሆነ በአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ እንኳ ቶሎ አይገኝም። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሄዶ ማንበብ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉ እዚያው በንባብ ክፍል የሚነበብ ስለሆነ የሥራ ቀን ፈቃድ የማያገኙ አባላት ከወዲሁ ተራ ይያዙ።

አንድ ነገር ከርእሰ ጉዳዩ ትንሽ ብወጣም ልናገር። ይህ የምናቅደው ሥራ አዲስ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በአገሪቱ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት በካታሎግ የዘረዘሩት በ1904 ዓ.ም. ነው፤ በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የብዙ ሰዎችን ታሪክ የያዘውን የሕይወት ታሪክ የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። መጻሕፍቱንም ሰዎቹንም የመዘገበው አንድ እጅ መሆኑን የሰነዳችን መግቢያ ሊያነሣው ይገባል፤ ለአስተዳደሩ «ለምን ከዚህ ቤት» የሚለውን ከማብራራት ይህ አንድ አንቀጽ የበለጠ ይናገርልናል።

ከሕግ ባለሙያው አባል፣ ጥቅምት 21

በአጭሩ። አስተዳደሩ ምዕራፎችን አባዝተን ስለ ማደላችን መጠየቁ አይቀርም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የነጋድራስ አፈወርቅና የብላቴን ጌታ ኅሩይ ሥራዎች ይህን ጊዜ አልፈዋል። ሀዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም.፣ ወይዘሮ ስንዱ በ2001 ዓ.ም. ስለሆነ የሁለቱን መጽሐፍ ማባዛት የወራሾችን ፈቃድ ይጠይቃል። በሰነዱ ውስጥ «ቅጂ እናድላለን» የሚለው ሐረግ ለሁለቱ አረጋውያን ብቻ ይሁን፤ ለሌሎቹ «አባላት መጽሐፉን ይገዛሉ ወይም በቤተ መጻሕፍት ያነባሉ» ይባል።

ከወጣት አባላት አንዱ፣ ጥቅምት 22

ፍቅር እስከ መቃብርን በአንድ ወር እንጨርሳለን ብላችሁ በሚያዝያ ላይ ማስቀመጣችሁ ያሳስበኛል። ሥራ ላይ ውሎ የሚመለስ ሰው ያን ያህል ገጽ በአራት ሳምንት አይዘልቀውም። ከዚህም ሌላ ብዙዎቻችን ያነበብነው ይመስለናል እንጂ የወጋየሁ ንጋቱን የራዲዮ ትረካ ነው የምናስታውሰው፤ እኔ ራሴ ከአባቴ ጋር ከካሴት የሰማሁትን እንደ ንባብ ስቆጥረው ኖሬአለሁ። መጽሐፉን ከታኅሣሥ ጀምሮ በየሳምንቱ በተወሰነ ገጽ እንድንጀምረው ሐሳብ አቀርባለሁ። ለየካቲት የተያዘው የተመስገን ገብሬ የጉለሌው ሰካራም አጭር ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድምፅ ሊነበብ ይችላል፤ ስለዚህ ወሩ ለሀዲስ ንባብ ትርፍ ጊዜ ይሰጠናል።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። በረቂቁ ላይ ተመስገንን «አንቱ» ብለነዋል፤ በንግግራችን ግን ሁላችንም «እሱ» ነው የምንለው። የቱ ይሁን?

ከጡረተኛው መምህር፣ ጥቅምት 22

በሰነዱ ሁሉም አንቱ ይባሉ፣ ልጄ። በአዳራሹ ውስጥ ግን አንባቢ ለወደደው ደራሲ «እሱ» ቢል አንከልክለው፤ ያ የንቀት ሳይሆን የዝምድና አነጋገር ነው።

እንግሊዝ አገር ከሚኖሩ አባል፣ ጥቅምት 25

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያረፉበት ፌርፊልድ የተባለው ቤት ዛሬም ባዝ ላይ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት የኖሩበት ይህ ቤት በኋላ ለከተማዪቱ አረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ተሰጥቷል። በታኅሣሥ ሄጄ የቤቱን ፎቶግራፎች ላነሣና አጭር ገለጻ በድምፅ ልልክላችሁ እችላለሁ። ነገር ግን መምህር ባወጡት ደንብ መሠረት የብላቴን ጌታ ኅሩይ «አዲስ ዓለም» ተነብቦ ሳያልቅ እንዳትከፍቱት አደራ። ከፈረንጅ አገር ተምሮ ስለ ተመለሰው ወጣት የሚተርከውን መጽሐፍ፣ ደራሲው በፈረንጅ አገር በስደት መሞታቸውን እያሰቡ ማንበብ ሌላ መጽሐፍ ያደርገዋል፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ ሳነበው የደረሰብኝ ይኸው ነው።

ከገንዘብ ያዡ፣ ኅዳር 2

ሻይ፣ ፎቶ ኮፒና የድምፅ መቅጃ ከአባላት መዋጮ ይሸፈናሉ። ከአስተዳደሩ የምንጠይቀው አዳራሹን ብቻ ይሁን፤ ገንዘብ ከጠየቅን መልሱ ይዘገያል።

ከሰብሳቢው፣ ኅዳር 4

የድምፅ መቅጃ ከተነሣ ስለ ሕይወት ታሪኩ አቀራረብ እንጨርስ። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በመቅጃ ቀድተው በ1959 ዓ.ም. መጽሐፈ ትዝታ ብለው ባያሳትሙልን ኖሮ፣ ያ ሁሉ የቤተ ክህነት ትምህርትና የዘመኑ ጨዋታ ከአለቃ ጋር ይቀበር ነበር። እኛም ከታተመ ምንጭ ሌላ ደራስያኑን በዐይን ያዩ ሰዎችን ቃል እንፈልግ። ወይዘሮ ስንዱ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በመሩበት ዘመን የተማሩ እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። በ1950 ዓ.ም. ተመርጠው ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸውን ማንም ያውቀዋል፤ ተማሪ ሲያጠፋ እንዴት እንደሚቆጡ የሚነግሩን ግን እነዚህ እናቶች ብቻ ናቸው።

ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ፣ ኅዳር 5

የእኔ እናት ከነዚያ ተማሪዎች አንዷ ናቸው። ጠየቅኋቸው፤ ፈቃደኛ ናቸው፤ ነገር ግን «ስለ እትዬ ስንዱ የምናገረው የጻፉትን ያነበበ ሰው ከመጣ ብቻ ነው» ብለውኛል። ስለ ደንቡ አንድም ቃል አልነገርኋቸውም።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፣ ኅዳር 20

በሁላችሁም አስተያየት የተስተካከለው የሰነዱ ዋና አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «ማኅበሩ ከጥር እስከ ግንቦት በየወሩ አንድ መጽሐፍ ያነባል። ስለ ደራሲው ሕይወት ገለጻ የሚቀርበው በመጽሐፉ ላይ የሚደረገው ውይይት ከተፈጸመ በኋላ ሲሆን፣ ገለጻው ከሠላሳ ደቂቃ አይበልጥም፤ ቢያንስ በሁለት የጽሑፍ ምንጮች ይደገፋል፤ ደራሲውን የሚያውቁ አረጋውያን ሲገኙም ቃላቸው በፈቃዳቸው ተቀድቶ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ይሰጣል። በጥር ጦቢያና አዲስ ዓለም ይነበባሉ፤ የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሕይወት በግንቦት ይቀርባል።»

ጥር ሁለት መጽሐፍ የያዘው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ሥራ ከጦቢያ ጋር ጎን ለጎን እንዲነበብ መምህር ስለ ጠየቁና ግንቦት ያለ መጽሐፍ ስለ ቀረ ነው፤ የአንቀጹን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገርም በዚሁ መሠረት አስተካክላለሁ። የፍለጋው ገጽ በአባሪነት ገብቷል፤ የቅጂው ጉዳይ በሕግ ባለሙያው ቃል ተጽፏል፤ ፍቅር እስከ መቃብር በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት ይጀመራል። ፊርማ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በተለመደው ቦታ ይሰበሰባል። ወደ እናታችን ዘንድ የሚሄዱት ሦስት አባላት የልቤ መጽሐፍን በወመዘክር ለማንበብ የያዙትን ቀን እስከዚያው ያሳውቁኝ።