ለብቻዬ ጃፓን ራመን ቤት ልገባ ነው፤ ማሽኑ ላይ ምን ልጫን?

ሻንጣዬ፦
ሰላም ለቤቱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሥልጠና ቶኪዮ እሄዳለሁ። ራመን፣ ያንን በመረቅ የሚቀርበውን ኑድል፣ ሳልበላ ላልመለስ ምያለሁ። ጃፓንኛ ግን ከ"አሪጋቶ" ሌላ አላውቅም። ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ሰው በር ላይ የቆመ ማሽን ይነካካል፣ ቲኬት ይወጣለታል፣ ይዞ ይገባል። እኔ እዚያ ማሽን ፊት ደርቄ ቆሜ፣ ከኋላዬ ሰልፉ ሲረዝም ከአሁኑ ይታየኛል። ሌላው ጭንቀቴ አሳማ ነው፤ አልበላም። የምታውቁ ንገሩኝ። እባካችሁ "ጎግል አድርጊ" እንዳትሉኝ።

ችኩሉ፦
ስልክሽ ላይ በካሜራ የሚተረጉም አፕ ጫኚ። ማሽኑ ላይ ደቅኚውና አንብቢ። አለቀ።

የሃካታው፦
እህቴ፣ አፑ የማሽኑን ፊደል ብዙ ጊዜ ያነብልሻል። ግድግዳ ላይ በብሩሽ የተጻፈውን ግን ሲተረጉም ያስቅሻል እንጂ ሆድሽን አይሞላልሽም።

እኔ ፉኩኦካ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። የመጀመሪያ ቀን የሆንኩትን ልንገርሽ። ማሽኑ ፊት ቆምኩ። ያ ሁሉ ቁልፍ፣ አንዱም አይነበበኝም። የማነበው ዋጋውን ብቻ ነው። ተማሪ ነኝና ዓይኔ ሄዶ ርካሹ ላይ አረፈ፦ 150 የን። "ወይ ሲሳይ!" ብዬ ተጫንኩ። ገብቼ ቲኬቷን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። አብሳዩ ቲኬቷን አየ። እኔን አየ። ፊቴ ያለውን ባዶ ባንኮኒ አየ። ለካ የገዛሁት "ካኤዳማ" ነው፤ ጭማሪ ኑድል። ሰው ራመኑን በልቶ መረቅ ሲተርፈው እላዩ ላይ የሚያስጨምረው ማለት ነው። እኔ ገና ሳህን ሳይቀርብልኝ ጭማሪ አምጣ ማለቴ ነበር። ሰውዬው አልሳቀም። ከባንኮኒው ጀርባ ዞሮ ወጣ፣ ማሽኑ ጋ መልሶ ወሰደኝና ከላይ በግራ ያለውን ቁልፍ በጣቱ መታ መታ አደረገልኝ።

ግራ ሲገባሽ እሱን ቁልፍ ተጫኚ። ብዙ ቤት ዋናውን ራመን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። መጀመሪያ ግን ገንዘቡን አስገቢ፤ ቁልፎቹ የሚሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። የ1,000 የን ኖት ይዘሽ ሂጂ። የቆዩት ማሽኖች ብዙዎቹ 5,000 እና 10,000 አይቀበሉም። በ2024 የወጣውን አዲሱን ኖት የማይቀበሉም አሉ፤ ስለዚህ ሳንቲምም ይኑርሽ። መልስሽ ራሱ ካልወረደ ጎን ላይ ያለችውን ማንሻ ሞክሪያት። ሰልፍ ካለ ደግሞ ቲኬት ቀድሞ ነው ወይስ ሰልፉ የሚለው ከቤት ቤት ይለያያል፤ ከፊትሽ ያለውን ሰው እያየሽ እሱ እንዳደረገው አድርጊ።

ቲኬቱን ስትሰጪ አንድ ነገር ቢጠይቅሽ አትደንግጪ። የሃካታ፣ ማለትም የፉኩኦካው፣ ራመን ከሆነ የኑድሉን ጥንካሬ ነው የሚጠይቅሽ። "ካታ" ጠንከር ያለ፣ "ፉትሱ" እንደ ወትሮው፣ "ያዋ" ለስለስ ያለ ነው። "ፉትሱ" ብለሽ ተገላገዪ። እኔ ግን ካታ ነኝ። የሃካታ ኑድል ቀጭን ስለሆነ ትኩስ መረቅ ውስጥ ቶሎ ይላላል። ስልክሽን አውጥተሽ ፎቶ ስታነሺ፣ መብራት ስታስተካክዪ፣ አለቀለት። አንዴ የሚቀርበውም መጠነኛ ነው፤ ካልጠገብሽ ካኤዳማ ታስጨምሪያለሽ። ነገሩ የመጣው ከፉኩኦካው ናጋሃማ ዓሣ ገበያ ነው። ሠራተኞቹ ጊዜ የላቸውም፤ ቶሎ በስሎ ቶሎ የሚበላ ነገር ነበር የሚፈልጉት። ካኤዳማ ካሰብሽ መረቁን አትጨርሺው! ይህን ስንቱ ይረሳል መሰለሽ።

ስትበዪ ድምፅ ማውጣት ነውር የለውም። እንዲያውም ትኩሱን ኑድል ከአየር ጋር እየማግሽ ነው የሚበላው። እኔ እናቴ ከአገር ቤት ሆና የምታየኝ እየመሰለኝ ወር ሙሉ አልቻልኩም። መናፈጥ ግን ይቅርብሽ፤ እንፋሎቱ አፍንጫ ያፈሳል፣ በሶፍት ጠረግ ጠረግ አድርጊ። ውሃ ነፃ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ራስሽ ትቀጃለሽ። ቲፕ የሚባል የለም። በልተሽ ስትጨርሺ ሳህንሽን ከፍ ወዳለው የባንኮኒው ጠርዝ መልሺ፣ "ጎቺሶሳማ" (ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ) በይና ውጪ። ተቀምጦ ጨዋታ የለም፤ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው።

ኑር፦
የሃካታው፣ ወሬህ ይጣፍጣል፤ የጠየቀችህን ግን ዘለልከው። የሃካታ ራመን እኮ ቶንኮትሱ የሚባለው ነው፤ ቃሉ ራሱ "የአሳማ አጥንት" ማለት ነው። የዚያ የሃካታ መረቅ ነጭ የሚሆነው አጥንቱ ለሰዓታት ሲንተከተክ ስለሚውል ነው። "ሥጋውን አውጡልኝ" ብትዪ ምንም አያደርግልሽም።

ሾዩ፣ ሺዮ፣ ሚሶ ሲባልም እንዳትዘናጊ። እነሱ የማጣፈጫው ስሞች ናቸው፤ የአኩሪ አተር ሶስ፣ ጨው፣ የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ። ከሥር ያለው መረቅ የዶሮም የአሳማም ሊሆን ይችላል። "ቶሪ ፓይታን" ካየሽ የዶሮ መረቅ ነው። እሱም ላይ የሚጋደመው ቻሹ፣ ማለትም ስሱ ሥጋ፣ አሳማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህችን አጥኚ፦ "ቡታ ሃይቴ ኢማስ ካ?" አሳማ አለበት ወይ ማለት ነው። "አሳማ" የሚለውን የጃፓን ፊደልም ፎቶ አድርገሽ ያዢ።

እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ ግን አትከራከሪ፤ ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ ቲስ ታንታን የሚባል ቤት አለ። ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፤ ጾም ላይ ብትሆኚም ይሆንሻል። ከባቡሩ ቲኬት መፈተሻ ወዲያ ነው ያለው፤ ባቡር ስትሳፈሪ ወይም ስትወርጂ ግቢበት። አሳኩሳ አካባቢ ደግሞ ሃላል ራመን ቤቶች አሉ።

ሻንጣዬ፦
ኑር፣ እግዜር ይስጥሽ። ቶንኮትሱ ሰተት ብዬ ልገባበት ነበር! አንድ የቀረኝ፤ ሴት ብቻዋን ገብታ ስትበላ ሰው አያፈጥም?

የሃካታው፦
አሳማውን መዝለሌ ጥፋቴ ነው፤ እኔ ስለምበላ ትዝም አላለኝ። ማንም አያይሽም። ያ ባንኮኒ የተሠራው ብቻውን ለሚበላ ሰው ነው። በመካከል ግድግዳ አድርገው እያንዳንዱን ሰው እንደ ፈተና ተማሪ የሚያስቀምጡም አሉ፤ ጎረቤትሽ ማን እንደሆነ ሳታውቂ ትወጫለሽ።

ችኩሉ፦
ቆይ፣ የ150 የኗ ቲኬት ምን ሆነች?

የሃካታው፦
አልመለሰልኝም። ባንኮኒው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት። ኑድሌ ሲያልቅ መጣና ቲኬቷን በጣቱ እየነካ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ራሴን ነቀነቅሁ። አንዲት ትንሽ ሳህን ኑድል አምጥቶ መረቄ ላይ ገለበጠልኝ።